ለውሻና ለድመት የሚታዘዝ ደጋፊ የሕመም ማስታገሻ ምንድን ነው?

ደጋፊ የሕመም ማስታገሻ የሚባለው፣ ዋናው ማስታገሻ ብቻውን የእንስሳውን ሕመም ማርገብ ሲያቅተው የእንስሳት ሐኪም ደርቦ የሚያዝዘው መድኃኒት ነው። ብዙዎቹ መጀመሪያ ለሌላ በሽታ የዋሉ ናቸው፤ ጋባፔንቲን ለሚጥል በሽታ፣ አማንታዲን ለኢንፍሉዌንዛ ይሰጡ ነበር።

አዘዞም ሆነ ማራኪ ሰፈር፣ ግቢ ሲጠብቅ ያረጀ ውሻ በጎንደር ብርዳማ ጠዋት ከተኛበት ሲነሳ የኋላ እግሮቹ አልታዘዝ ሲሉት፣ ደረጃው ሥር ቆሞ ሲያመነታ፣ አንዱን ጉልበት ደጋግሞ ሲልስ ይታያል። «አርጅቶ ነው» ተብሎ መታለፉ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም የሚያመው ዕድሜው ሳይሆን መገጣጠሚያው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ቁርጥማት በቅድሚያ የሚታዘዘው እንደ ሜሎክሲካም ያለ ብግነትን (እብጠትና መቆጣትን) የሚቀንስ መድኃኒት ነው። ሕመሙ ለወራት ሲቆይ ግን የሕብለ ሰረሰር ነርቮች ከልክ በላይ ንቁ ስለሚሆኑ፣ ቀላል መነካት እንኳ እንደ ብርቱ ሕመም ይሰማል፤ የብግነት መድኃኒቱም ይህን ብቻውን አይመልሰውም። አማንታዲን የሚጨመረው ኤንኤምዲኤ የተባለውን የነርቭ ተቀባይ ዘግቶ ይህን ንቃት እንዲቀንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት ሜሎክሲካም ያልበቃቸው ውሾች አማንታዲን ለ21 ቀን ሲጨመርላቸው እንቅስቃሴያቸው ተሻሽሏል፤ ስለዚህ በሁለት ቀን ለውጥ አላየሁም ብሎ ማቋረጥ አይገባም።

ጋባፔንቲን በተለይ ከነርቭ ለሚነሳ ሕመም ይታዘዛል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንስሳው ሊያንቀላፋና ሊንገዳገድ ይችላል፤ ኩላሊቱ የደከመ ድመት መጠኑ ይቀነስለታል፤ ለረጅም ጊዜ ሲወስድ የቆየም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ ነው የሚያቆመው። ለሰው የተዘጋጀው ፈሳሽ ጋባፔንቲን ውሻን የሚመርዝ ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ሊኖረው ስለሚችል፣ ከመድኃኒት ቤት ሲገዛ ይህን መጠየቅ ግድ ነው። ትራማዶልም ይታዘዛል፤ ይሁንና የውሻ ጉበት መድኃኒቱን ሕመም ወደሚያስታግሰው ንጥረ ነገር የሚለውጠው በጥቂቱ ብቻ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የተጠበቀውን ያህል አይሠራም።

ደጋፊ ማስታገሻ ማለት ቤት የተገኘውን መደረብ አይደለም። ፓራሲታሞል ድመትን በአንድ ፍሬ ሊገድል ይችላል፤ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ሜሎክሲካም ላይ ሲደረቡ ደግሞ አደጋው ይብሳል። ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ክሊኒክም ሆነ ወደ ሌላ ሐኪም ሲኬድ፣ እንስሳው እስካሁን የወሰደውን ሁሉ መናገርና ጠዋት ሲነሳ በስልክ ቀርጾ ማሳየት ሐኪሙ የትኛውን መድኃኒት እንደሚጨምር ለመወሰን በእጅጉ ይረዳዋል።