የፈረስ አርቢዎች ማኅበር በጎንደር፦ መዝገቡ፣ ድንጉላውና የዓመቱ ሥራ

የፈረስ አርቢዎች ማኅበር ዋና ሥራው ሁለት ነው። አንደኛው የትኛው ውርንጭላ ከየትኛው ድንጉላ (ያልተኮላሸ ወንድ ፈረስ) እና ከየትኛዋ ባዝራ (ሴት ፈረስ) እንደተወለደ መዝግቦ መያዝ ሲሆን፣ ሁለተኛው የትኛው ድንጉላ የትኛዋን ባዝራ እንደሚያጠቃ መወሰን ነው። ጉግሱም ሽልማቱም ከእነዚህ በኋላ ይመጣል። በጎንደርና በዙሪያዋ ፈረስ ወዳድ ሞልቷል፤ የጠፋው መዝጋቢ ነው።

ፈረስ ለከተማዋ እንግዳ አይደለም። በፋሲል ግቢ ውስጥ ከአፄ በካፋ ስም ጋር የሚያያዝ የፈረስ ጋጥ አለ። ከፋሲል መዋኛ አጠገብ ያለችውን ክብ ሕንጻ ደግሞ ያገሬው ሰው ዞብል የተባለው የንጉሥ ፈረስ መቃብር ናት ይላል። ቋራ የተወለዱት አፄ ቴዎድሮስ የፈረስ ስማቸው «አባ ታጠቅ» ነበር። ዛሬ እርባታው ያለው በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ ደጋ ገበሬ እጅ ነው፤ በየቤቱ አንድ ወይም ሁለት ባዝራ እንጂ መንጋ የለም። ማኅበር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ አንድ ባዝራ ያለው ሰው ጥሩ ድንጉላ ለብቻው ቀልቦ አያዋጣውም።

የአካባቢው ፈረስ ተመራማሪዎች በአገሪቱ ከለዩዋቸው ስምንት የፈረስ ዓይነቶች መካከል የአቢሲኒያ ፈረስ ከሚሉት ይመደባል። ትከሻው ላይ ሲለካ 130 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሚዛን በሌለበት ክብደቱን በሜትር መገመት ይቻላል፦ ከፊት እግሮቹ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን ለክቶ ቁጥሩን በራሱ ማባዛት፣ ውጤቱን ከትከሻ ጫፍ እስከ መቀመጫ ጫፍ ባለው ርዝመት ማባዛት፣ ከዚያ ለ11,880 ማካፈል። ደረቱ 145፣ ርዝመቱ 130 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፈረስ 230 ኪሎ ይመጣል። የመድኃኒትም የቀለብም ልክ ከዚህ ይነሳል።

ቶሮብሬድ እና የራስ ዘር

ማኅበር ሲቋቋም መጀመሪያ የሚነሳው ሐሳብ «ቶሮብሬድ እናስመጣ» የሚል ነው። የእንግሊዞቹ የሩጫ ፈረስ 160 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይቆማል፣ 500 ኪሎ ይጠጋል፤ ያማልላል። ነገር ግን የዘር መዝገቡ እ.ኤ.አ. ከ1791 ጀምሮ የሚጠበቅ ነው፤ በአባት በኩል ሁሉም ወደ ሦስት ድንጉላዎች ይመለሳል። አባትና እናቱ በመዝገቡ የሌሉ ውርንጭላ አይገባም። በሰው ሠራሽ ዘዴ የተፀነሰም አይመዘገብም፤ ድንጉላው ራሱ ባዝራዋን ማጥቃት አለበት። ስለዚህ የቀዘቀዘ ዘር አስመጥቶ ቶሮብሬድ አረባሁ ማለት አይቻልም። ድንጉላው በአካል ቢመጣም የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ካለበት አገር ወደ ብዙ አገሮች ፈረስ መልሶ ማስገባት እጅግ ከባድ ነው፤ የመጣ እዚሁ ይቀራል፤ ሳይከተብ ከመጣ ደግሞ አንድ ክረምትም ላያልፍ ይችላል። ቀለቡም ከደጋው ፈረስ እጥፍ በላይ ነው።

የሚጠቅመው ፈረሱን ሳይሆን የመዝገቡን ሥርዓት መዋስ ነው። የደጋውን ፈረስ መርጦ፣ መዝገብ ከፍቶ፣ ከተወሰነ ዓመት በኋላ ከተመዘገበ ወላጅ ያልተወለደን አለመቀበል።

መዝገቡ

ለእያንዳንዱ ፈረስ አንድ ገጽ ይበቃል፦ ስም፣ ባለቤትና ቀበሌ፣ ጾታ፣ መልክ፣ ቁመት፣ የአባትና የእናት ቁጥር፣ የተወለደበት ቀን። ዕድሜው ያልታወቀ ከሆነ ጥርሱ ይታያል። የፊት መካከለኛዎቹ የወተት ጥርሶች በሁለት ዓመት ተኩል፣ ቀጥለው ያሉት በሦስት ተኩል፣ የዳሮቹ በአራት ተኩል ይለወጣሉ። አምስት ዓመት ሲሞላው አፉ ሙሉ ነው። ከዚያ በላይ በጥርስ የሚነገር ዕድሜ ግምት ነው፤ የገበያ ደላላ ሲነግር ደግሞ ከግምትም ያነሰ ነው።

ብዙ መዝገብ የሚበላሸው በመልክ ነው። አምባላይ ፈረስ ነጭ ሆኖ አይወለድም፤ ጥቁር ወይም ዳማ ሆኖ ይወለድና በየዓመቱ እየነጣ ይሄዳል። በሁለት ወሩ «ጥቁር» ተብሎ የተጻፈ ውርንጭላ በሰባት ዓመቱ ሲመጣ ሌላ ፈረስ ይመስላል። ስለዚህ በዓይኑ ዙሪያ ነጭ ጠጉር እንዳለ አይቶ መጻፍ፣ መልኩንም በአምስት ዓመቱ እንደገና መመዝገብ ያስፈልጋል። ይኸው ነገር ማጭበርበርን ለመያዝም ይረዳል፤ እየነጣ የሚሄድ ውርንጭላ ከወላጆቹ ቢያንስ አንዱ አምባላይ መሆን አለበት። ሁለቱም ዳማ ከተባሉ አባትየው ሌላ ነው። የማይለወጠው ምልክት በግንባሩና በአንገቱ ላይ ያለው የጠጉር አዙሪት ነው፤ ቦታው በሥዕል ይያዝ። አቅም ሲኖር በአንገቱ ግራ ጎን ባለ 15 አኃዝ መለያ ቁጥር የያዘ ቺፕ ከቆዳው ሥር ይቀበራል። ማንበቢያው ከሌለ ግን ቺፑ ዋጋ የለውም፤ መጀመሪያ ማንበቢያው ይገዛ። የአባትነት ክርክር ከተነሳ ከጋማው ከነሥሩ የተነቀለ 30 ያህል ጠጉር በደረቅ ወረቀት ፖስታ ለዘረ መል ምርመራ ይቀመጣል፤ በፌስታል ከተያዘ ይሻግታል።

በቶሮብሬድ ዓለም በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የተወለደ ሁሉ ልደቱ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን ይቆጠራል። መስከረም 1ን መውሰድ ለእኛ ያምራል፤ ግን በነሐሴ የተወለደን ውርንጭላ በወሩ «የአንድ ዓመት» ያደርገዋል። ሰኔ 1 ይሻላል።

ድንጉላ

እርባታውን የሚያዳክመው የዘር መጥፋት ሳይሆን አመራረጡ ነው። ገበሬው መልከ መልካሙን ወንድ ለግልቢያ እንዲገራ ብሎ ያኮላሸዋል፤ ማንም ያልፈለገው ቀጫጫ ሜዳ ላይ ተለቆ ባዝራዎቹን ያጠቃል። ማኅበሩ ይህን መገልበጥ አለበት። በሁለት ዓመታቸው ወንዶቹ ተሰብስበው ይታያሉ፣ የተመረጡት ይቀራሉ፣ የቀሩት በሐኪም ይኮላሻሉ።

ጀማሪ የሦስት ዓመት ድንጉላ በአንድ ወቅት ከ10 እስከ 15 ባዝራ ይበቃዋል፤ ጎልማሳው 40 ሊይዝ ይችላል። ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ሌላ ወረዳ ይዛወር፤ ያለዚያ የራሱን ሴት ልጆች ያጠቃል። ብዙ ጊዜ ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ የወገራው ሰው ያሳደገውን ድንጉላ ለደምቢያ መስጠት አይዋጥለትም። ስለዚህ ድንጉላው የማኅበሩ እንጂ የጠባቂው እንዳልሆነ ከመጀመሪያው በጽሑፍ መስፈር አለበት።

ባዝራ ድራት ላይ የምትሆነው በየ21 ቀኑ ነው፤ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ትቆያለች። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ አንድ ቀን እየዘለሉ እስክትራገጥ ድረስ ይቀርብላታል። ከማጥቃቱ በፊት ጅራቷ በጨርቅ ይጠቀለላል፣ ብልቷ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፣ የሁለቱም ብልት እብጠትና ፈሳሽ እንደሌለው ይታያል። በአርሲና በባሌ የሚታወቀው ዱሪን የተባለ የፈረስ በሽታ የሚተላለፈው በግንኙነት ነውና ከሩቅ የተገዛ ድንጉላ ያለ ደም ምርመራ አይገባም።

ክፍያው በሁለት ይከፈላል፦ ግማሹ ሲያጠቃ፣ ግማሹ ውርንጭላው ቆሞ ሲጠባ። ሙሉውን አስቀድሞ መቀበል ባዝራዋ ያልያዘችለትን አባል ያስቀይማል፤ ሁሉንም ለኋላ መተው ደግሞ ውልደቱን ያስደብቃል።

የበቅሎ ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። በቅሎ ከፈረስ የተሻለ ዋጋ ታወጣለች፤ ስለዚህ ምርጥ ባዝራ ያለው ሰው ለአህያ ያስጠቃታል፣ ዘሯም እዚያው ይቆማል። መከልከል አያዋጣም፤ ገበሬው ልጆቹን የሚያሳድግበት ነው። የሚሠራው ደንብ አባሉ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ከማኅበሩ ድንጉላ እንዲያስወልድ፣ ከዚያ እንደፈለገ እንዲያደርግ መፍቀድ ነው።

የዓመቱ ዑደት

እርግዝናው 340 ቀን ገደማ ነው። በሐምሌ ያስጠቃ በሰኔ ይቀበላል፤ ሣሩ ሲያቆጠቁጥ ወተቷ ይሞላል። በጥር የወለደች ባዝራ በጭድ ታጠባለች፤ ውርንጭላው ይቀጭጫል። 230 ኪሎ የሆነች ባዝራ በቀን 5 ኪሎ ያህል ድርቆሽ ትበላለች፤ በእርግዝናዋ የመጨረሻ ሦስት ወር አንድ ኪሎ ገብስ ይጨመርላት። ፋጉሎ ጥሩ ነው፤ የሻገተ ከሆነ ግን ቁርጠት ያመጣል።

ውርንጭላ በአንድ ሰዓት መቆም፣ በሁለት ሰዓት መጥባት አለበት፤ እንግዴ ልጁ በሦስት ሰዓት መውጣት አለበት። ከሦስቱ አንዱ ካለፈ ሐኪም ይጠራል። እንገሩን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ካልጠባ ከበሽታ መከላከያ ባዶ ነው። የተንጠለጠለ እንግዴ ልጅ በእጅ አይጎተት፤ ቁራጩ ውስጥ ከቀረ ባዝራዋ ልትሞት ትችላለች።

ከበሽታ የሚከፋው በትንንሽ ተናካሽ ዝንቦች የሚተላለፈው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ነው፤ ክረምቱ ሲያበቃ ይበረታል። ከዓይን በላይ ያለው ጎድጓዳ አብጦ ከሞላ ወይም ከአፍንጫ አረፋ ከወጣ ጊዜ የለም። ክትባቱ ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ይመረታል። ከክረምት በፊት ይሰጣል፤ ለከበደች ባዝራ ግን አይመከርም። የደጋ ባዝራ ብዙ ጊዜ ዓመት እየዘለለች ስለምትወልድ ባዶ በሆነችበት ዓመት ትከተባለች። በከበደችበት ዓመት ከፀሐይ መጥለቅ እስከ ንጋት ጋጥ ውስጥ ማደር አለባት፤ የኩበት ጭስም ይረዳል። የተከፈተ ብልቃጥ አያድርም፤ ስለዚህ በአንድ ጠዋት ፈረሶቹን አንድ ቦታ ማሰባሰብ የሚችል ማኅበር ካለ ኪሳራው ይቀንሳል።

አስተዳደሩ ቀላል ነው፦ ጠቅላላ ጉባኤ፣ ሥራ አስፈጻሚ፣ ኦዲተር። በትልቅነት ምሳሌ የሚሆነው በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚያከብረው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ነው፤ የእርሱ ጉልበት በፈረሰኛው እንጂ በዘር መዝገብ አይደለም። ለጎንደሩ አርቢ የሚመቸው በዓል ጥምቀት ነው፤ ፈረሱ ሁሉ በራሱ ጊዜ ወደ ከተማ ይወርዳል። ጸሐፊው መዝገቡንና መለኪያውን ይዞ በማግስቱ ከተገኘ ቀበሌ ለቀበሌ ከመዞር ይድናል፤ ገጣባ ያለበትን ፈረስ ባለቤትም እዚያው ኮርቻውን አስፈትቶ ማሳየት ይችላል።