አልገዛም ማለት፦ የሸማቾች አድማ በባሕር ዳር

አንድን ዕቃ በባለቤቱ ፖለቲካ ምክንያት አለመግዛት በባሕር ዳር በጥቅሉ «አድማ» ይባላል። ቃሉ ሱቅ መዝጋትንም ከቤት አለመውጣትንም ስለሚይዝ ነገሩን ያደባልቀዋል። «ቦይኮት» የሚሉም አሉ፤ ይህ በ1880 እ.ኤ.አ. አየርላንድ ውስጥ ጭሰኞች ያገለሉት የአንድ መሬት አስተዳዳሪ ስም ነው። የደረሰበት ቅጣት ለጎጃም ገጠር ሰው እንግዳ አይሆንበትም፦ እሳት አለመጫጫር፣ ለቅሶ አለመድረስ።

ከተማዋ ከሁሉ የምታስታውሰው የዳሽን ቢራን ነው። ፋብሪካዎቹ ጎንደርና ደብረ ብርሃን ቢሆኑም በባለቤትነቱ ውስጥ ጥረት የተባለው የኩባንያዎች ስብስብ ነበረበት፤ ጥረት ደግሞ የአማራ ክልልን ይመራ የነበረው ፓርቲ፣ የብአዴን፣ ተደርጎ ይታይ ነበር። ነሐሴ 1 ቀን 2008 በባሕር ዳር ሰልፈኞች በተገደሉበት የተቃውሞ ወቅት «ዳሽን አትጠጡ» የሚለው ጥሪ በክልሉ ከተሞች ተዛመተ።

ለምን ቢራ? ጥረት ጥቁር ዓባይ ትራንስፖርትና አምባሰል ንግድም ነበሩት፤ በጭነት መኪና ላይ ግን ተራ ሰው ምን ብሎ ያድማል? ቢራ ጠርሙሱ ጠረጴዛ ላይ ይቆማል፣ ስሙን ጎረቤት ጠረጴዛ ያነበዋል። አስተናጋጇ «ምን ልታዘዝ?» ስትል «ቢራ፣ ዳሽን አይሁን» ብሎ መመለስ ፊርማ የማይጠየቅበት አስተያየት ነው። በመስከረም 2009 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሰልፍ ከለከለ፤ የቢራ ምርጫን ግን ማን ይቆጣጠራል? የግሮሰሪ ባለቤት የሰዉን ስሜት የሚያነበው ሳይነካ ከተቀመጠው ባለ 24 ጠርሙስ ሳጥን ነው። ዳፋው ግን ለአከፋፋዩ፣ ለጫኝና አውራጁ፣ ብቅል ገብስ ለሚያቀርበው ገበሬም ይተርፋል።

አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለው አድማ የሚነሳው ባለቤቱ ሲናገር ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የሆል ፉድስ ኃላፊ ጆን ማኪ የኦባማን የጤና ዕቅድ በጋዜጣ ተቃውሞ ደንበኞቹ አደሙበት። እኛ ዘንድ ባለሀብት አፉን አይከፍትም፤ አቋሙ ከአክሲዮኑ፣ ከትውልድ ቦታው፣ አብሮ ከታየው ሰው ይገመታል። ግምቱ ሲስት ደግሞ ማስተባበያ የሚሰማው የለም። ከንግግር የተነሳው የታወቀ ምሳሌ የ2006ቱ የበደሌ ቢራ ነው፦ ቴዲ አፍሮ ተናገረ በተባለው፣ እሱ ግን አላልኩም ባለው ነገር የኦሮሞ አክቲቪስቶች ቢራውን አትጠጡ አሉ፤ የፋብሪካው ባለቤት ሄኒከንም የኮንሰርቱን ስፖንሰርነት ተወ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የመሰለውን አመለካከት መያዝንና ሐሳብን መግለጽን ለሁሉም ይፈቅዳል። ለፋብሪካው ባለቤትም፣ ለጠጪውም ማለት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 እ.ኤ.አ. በሚሲሲፒ ጥቁሮች የነጭ ነጋዴዎች ሱቅ ላይ ያካሄዱትን ሰላማዊ አድማ የመናገር ነፃነት አካል ነው ብሎታል፤ ዛቻና ድብደባን ግን ከዚያ አውጥቷል። መስመሩ እዚህም ያው ይመስለኛል። በ2010 ክረምት የብአዴን ነባር መሪ የነበረው በረከት ስምዖን አለበት ተብሎ ደብረ ማርቆስ ላይ ሆቴል ሲጠቃ አድማ አልነበረም። የሌላውን ጠርሙስ እያዩ መገላመጥም ወደዚያው ያደላል። ሱቅ በሚዘጋበት ቀን ደግሞ አምኖ የዘጋውንና ፈርቶ የዘጋውን ከውጭ ሆኖ መለየት አይቻልም።

የጥረት ጉዳይ በኋላ ባሕር ዳር ፍርድ ቤት ደርሶ በረከትና የጥረት ኃላፊ የነበረው ታደሰ ካሳ በ2012 በሙስና ተፈረደባቸው። ዳሽንም ወደ ጠረጴዛው ተመልሷል። የእንዲህ ያለ አድማ ማብቂያ አይታወጅም፤ ጠጪው አንድ በአንድ፣ ምክንያቱን ሳይናገር ይመለሳል።