ተመጣጣኝ ኃይል ምንድን ነው? ሰልፍ ላይ ድንጋይ ሲወረወር ፖሊስ ምን ያድርግ?

ሰልፍ ይወጣል፣ ሁከት ይነሳል፣ ማታ በዜና «የጸጥታ ኃይሎች ተመጣጣኝ እርምጃ ወስደዋል» ይባላል። ከምን ጋር ነው የተመጣጠነው? ዜናው እሱን አይነግረንም። ቡና ላይ ስንከራከርም ከዚህ አንሻልም። አንዱ «ፖሊስ ምን አግብቶት፣ ሕዝቡን ይተወው» ይላል። ሌላው «ሰልፍ የወጣ የመጣበትን ይቻል» ይላል። ሕጉ ከሁለቱም ጋር የለም።

ተመጣጣኝ ኃይል ማለት ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ፖሊስ አንድ ሰው ላይ የሚጠቀመው ኃይል፣ ያ ሰው በዚያች ሰዓት ከደቀነው አደጋ መብለጥ የለበትም። የሚለካው የዚያ ሰው አድራጎት ነው። የመፈክሩ ምሬት አይለካም። ከአሥር ደቂቃ በፊት ሌላ ሰው የሰበረው መስታወትም እሱ ላይ አይቆጠርም። አስቀድሞ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፦ ኃይሉ ያስፈልግ ነበር ወይ? በንግግር፣ በመጠበቅ ወይም መንገድ በማስቀየር የሚያልቅ ነገር ከሆነ፣ ትንሽ ዱላም ቢሆን ትርፍ ነው።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ስለ ፖሊስ ኃይልና መሣሪያ አጠቃቀም ያወጣቸው መርሆዎች በ1990 እ.ኤ.አ. ሃቫና ላይ ጸድቀዋል። ኢትዮጵያም የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንን ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተቀብላዋለች። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 30 መሣሪያ ሳይዙ በሰላም የመሰብሰብና ሰልፍ የማድረግ መብት ይሰጣል። በአንቀጽ 13 ደግሞ መብቶቹ ከተቀበልናቸው ዓለም አቀፍ ሰነዶች ጋር ተስማምተው እንዲተረጎሙ ያዛል።

ጅማ ላይ አምጥተን እንየው። ታሪኩን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ቦታውን ግን ታውቁታላችሁ። ሐሙስ ነው እንበል፣ የገበያ ቀን። ጥቂት መቶ ወጣቶች ከዩኒቨርሲቲው አካባቢ ተነስተው ወደ ሂርማታ መርካቶ ይወርዳሉ። ባጃጆች ቆመዋል። ከገጠር ማር፣ ቅቤና ቡና ይዞ የመጣ ገበያተኛ መሐል ገብቷል፤ ምን እንደተነሳም አያውቅም። ፖሊስ ይደርሳል።

የመጀመሪያው ጥፋት መንገድ መዘጋቱ ነው። ለከተማው አስተዳደርም ማንም አላሳወቀም እንበል። በ1983 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 3 ሰልፍ አድራጊው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ልብ በሉ፣ ያሳውቅ ነው የሚለው። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ሰዓቱ ይቀየር ካለ በ12 ሰዓት ውስጥ ምክንያቱን ጽፎ ይመልሳል። ሐሙስ መርካቶ ላይ ሰልፍ ሲታሰብ «በሌላ ቀን አድርጉት» ቢል እኔም አልፈርድበትም። ግን አለማሳወቅ ብቻውን ሰው ለመደብደብ ምክንያት አይሆንም። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማብራሪያ ይህን በግልጽ ጽፎታል፤ የትራፊክ መስተጓጎልም ሁከት ተብሎ አይቆጠርም ብሏል። ስለዚህ እዚህ ደረጃ ላይ የፖሊስ ሥራ ባጃጆቹን በሌላ መንገድ መላክና ሰልፉን አጅቦ ማሳለፍ ነው። የሚያሰለች ሥራ ነው፣ ግን ሥራው እሱ ነው።

አሁን ሦስት ልጆች ድንጋይ አንስተው የአንድ ሱቅ መስታወት አወረዱ። ይሄ ወንጀል ነው። መስታወቱ የሰው ንብረት ነው፤ ሱቁ በስንት ዓመት ዕቁብ እንደቆመ ባለቤቱ ያውቃል። ፖሊስ ዝም ብሎ ማየት የለበትም። ታዲያ ማንን ነው የሚይዘው? ሦስቱን ነው። ከኋላ መፈክር የያዘችው ልጅ ድንጋይ አልወረወረችም፤ መብቷ በእነሱ ጥፋት አይወሰድባትም። ኮሚቴው እንደሚለው የጥቂቶች ጥፋት ለሌላው ሰልፈኛ አይተርፍም። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ወርዋሪው እግሩ ፈጣን ነው፣ ያመልጣል። ዱላው ቀርቶ የቆመው ላይ ያርፋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው።

ሦስቱ ሕዝብ መሐል ቢገቡና መያዙ ሌላ ረብሻ የሚያስነሳ ከሆነስ? ፖሊስ ማዘግየት ይችላል። ቪዲዮ ይቀርጻል፣ መልካቸውንና ልብሳቸውን ይመዘግባል፣ ምስክር ይዞ በማግስቱ በፍርድ ቤት ማዘዣ ይሄዳል። ጅማ ትልቅ ከተማ ብትሆንም ሰው ይተዋወቃል፤ የሰፈሩ ልጅ የት እንደሚያድር አይጠፋም። አንዳንድ ሰው ይሄን እንደ ሽንፈት ያየዋል። ለእኔ የሠለጠነ ፖሊስ ምልክት ነው። የወንጀሉን ቅጣት የሚወስነው ዳኛ ነው፤ የፖሊስ ድርሻ ተጠርጣሪውን በሕይወት ዳኛ ፊት ማድረስ ነው።

ነገሩ ይክረር። ድንጋዩ ወደ ፖሊስ ዞረ። እዚህ ጋ እውነቱን እንናገር፤ ድንጋይ ሰው ይገድላል። ፖሊሱም የሰው ልጅ ነው፣ እናት አለችው። ራሱን የመከላከል መብት አለው፤ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 78 ስለ ሕጋዊ መከላከል ያወራል። ግን ርቀቱ ይታይ። ድንጋዩ ከ40 ሜትር የሚወረወር ከሆነ፣ ፖሊሱም የራስ ቁርና ጋሻ ካለው፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ይበቃዋል። የራስ ቁር የሌለው፣ ጋሻ የሌለው፣ ክላሽ ብቻ ያነገተ ፖሊስ ግን ምን አማራጭ አለው? ወይ ይጮኻል ወይ ይተኩሳል። መሐል ላይ ምንም የለውም። የሃቫናው ሰነድ ገና ከመጀመሪያዎቹ መርሆዎች በአንዱ መንግሥታት ለፖሊስ ጋሻ፣ የራስ ቁርና ቀለል ያሉ መሣሪያዎች እንዲያሟሉ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው የሞተበትን ሰልፍ ስንመረምር ቃታ የሳበውን ፖሊስ ጣት ብቻ እናያለን። እኔ ግን ጥፋቱ ጠዋት ክላሽ ብቻ አስይዞ ከላከው ቢሮ ይጀምራል ባይ ነኝ።

ጥይት መቼ ነው የሚፈቀደው? የሰው ሕይወት ሊጠፋ ወይም ከባድ የአካል ጉዳት ሊደርስ ሲል፣ ሌላ መንገድም ሲጠፋ። ሆን ብሎ ለመግደል መተኮስ ደግሞ ሕይወት ለማዳን ፈጽሞ የማይቀር ሲሆን ብቻ። ባዶ ሱቅ እየተዘረፈ ነው፤ ያሳዝናል፣ ያናድዳል፣ ግን በጥይት አይመለስም። ያው ሱቅ ውስጥ ሰው እያለ በሩ ተዘግቶ ቤንዚን ሲረጭበትስ? ያኔ ክብሪት የያዘው ሰው ላይ መተኮስ ሕጋዊ ሊሆን ይችላል። እንዲያውም እዚያ ቆሞ ማየት ነው ነውሩ። ሁለቱን የሚለየው የሰው ነፍስ ነው።

ስለ መሣሪያዎቹ ትንሽ እንበል። ቆመጥ ጭንቅላት፣ አንገትና ጀርባ ላይ አይመታም። የጎማ ጥይት «ጎማ ነው» ተብሎ አይናቅም፤ ዓይን ያጠፋል፣ ከቅርብ ከተተኮሰ ይገድላል። ስለዚህ ወደ ታች፣ ወደ እግር፣ ያውም አደገኛ ነገር እያደረገ ያለ ሰው ላይ ብቻ።

አስለቃሽ ጭስ ላይ ግን ቆም እንበል። ጭስ ሰው ላይ አይመርጥም። ድንጋይ የወረወረውንም፣ ልጅ ያዘለችውንም፣ አስም ያለበትንም እኩል ያገኛል። ሁለተኛ፣ ጭስ የሚተኮሰው ሰው እንዲበተን ነው። መውጫ ከሌለ ወዴት ይበተናል? መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ በኢሬቻ በዓል የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ተቃውሞ ተነሳ፣ ጭስ ተተኮሰ፣ ሕዝቡ ተረጋግጦ ገደል ገባ። በመንግሥት አኃዝ ብቻ 55 ሰው ሞተ። ወደ ጅማ ስንመልሰው፣ ሰልፈኛውን ከሁለት በኩል እያጨሱ ወደ አዌቱ ድልድይ መግፋት ማለት ይሄው ነው። ጭሱ ከመተኮሱ በፊት አዛዡ አንድ ነገር መመለስ አለበት፦ ሰዉ በየት በኩል ይወጣል?

ወደ ሰማይ መተኮስም አለ። እኛ አገር የለመድነው ነው፤ ብዙዎቻችን «ለማስፈራራት ነው» ብለን እናልፈዋለን። ወደ ላይ የሄደ ጥይት ግን አየር ላይ አይቀርም። ሁለት ሰፈር አልፎ ግቢ ውስጥ ልብስ የምታሰጣ ሴት ላይ ሊያርፍ ይችላል። ሌላም ጣጣ አለው። ተኩሱን የሰማ ሌላ ፖሊስ «ተተኮሰብን» ብሎ የምሩን ይተኩሳል፤ ሰልፈኛውም ይረጋገጣል። ማስጠንቀቂያ በድምፅ ማጉያ ነው መሆን ያለበት። ጅማ ላይ ደግሞ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም፣ ደጋግሞ፣ ለመሄድ የሚበቃ ጊዜ እየሰጡ። ያ ከገጠር የመጣ ገበያተኛ ያልገባው ማስጠንቀቂያ ማስጠንቀቂያ አይደለም።

ቀጥሎ አፈሳ ይመጣል። በማግስቱ ሰፈር ተዘግቶ፣ ያገኙትን ወጣት አይሱዙ ላይ ጭኖ መሄድ። ይህ የወንጀል ምርመራ አይባልም። አንድን ሰው ለመያዝ እሱ ምን እንዳደረገ የሚናገር ነገር መኖር አለበት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት ይቀርባል። የጉዞ ጊዜ በ48 ሰዓቱ አይታሰብም፤ ጅማ ከተማ ውስጥ ለተያዘ ሰው ግን ፍርድ ቤቱ እዚያው ነው። እንግዲህ ሁለት መቶ ሰው አፍሶ የሁለት መቶውንም ማስረጃ በሁለት ቀን ማቅረብ የሚችል ጣቢያ የለም። አፈሳው ራሱ ማስረጃ እንደሌለ ይናገራል።

«አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲኖርስ?» የሚል አይጠፋም። የሃቫናው ሰነድ የአገር አለመረጋጋትም ሆነ አስቸኳይ ጊዜ ከእነዚህ መርሆዎች ለመውጣት ምክንያት አይሆንም ይላል። ሰልፍ ሊታገድ ይችላል፤ የጥይቱ ሕግ ግን አይቀየርም። «ታዝዤ ነው» የሚለውም ብዙ አያስኬድም። ትእዛዙ ሕገወጥ መሆኑ ፊት ለፊት እየታየ፣ እምቢ ማለት እየቻለ የተኮሰ ሰው ይጠየቃል። ያዘዘውም አብሮ ይጠየቃል።

ተመጣጣኝ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ማን ይወስናል? ከምርጫ 97 በኋላ ያየነው ለዚህ ትልቁ ትምህርት ነው። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተነሳው ግጭት የሞተውን ሰው የሚመረምር አጣሪ ኮሚሽን በፓርላማ ተቋቋመ። 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች እንደተገደሉ መዘገበ። ከአገር የወጡ የኮሚሽኑ አባላት፣ ሰብሳቢው ፍሬሕይወት ሳሙኤል ጭምር፣ ኮሚሽኑ በ8 ለ2 ድምፅ «ኃይሉ ከመጠን ያለፈ ነበር» ብሎ ወስኖ እንደነበር ተናገሩ። ለፓርላማ የቀረበው ሪፖርት ግን ከመጠን አላለፈም አለ። አንድ ዓይነት አስከሬን ተቆጥሮ ሁለት መደምደሚያ ወጣ። ድምር ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። እያንዳንዱ ሰው ሲመታ ምን እያደረገ ነበር? ከፊት ተመታ ወይስ ከጀርባ? ከስንት ሜትር? መመለስ ያለበት ይሄ ነው።

ስለዚህ ከተኩስ በኋላ ያለው ሰዓት ዋጋ አለው። መጀመሪያ የቆሰለ ይታከማል፤ የወረወረውም፣ ፖሊሱም፣ እኩል። አምቡላንስ ወደ ሕክምና ማዕከሉ ሲሮጥ ኬላ ላይ አይያዝም። ቤተሰብ ይነገረዋል። ከዚያ ሂሳቡ ይመጣል፦ ለማን ስንት ጥይት ተሰጠ፣ ስንት ተመለሰ፣ የጎደለው የት ሄደ። መሣሪያ ቤቱ መዝገብ ካለው ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ቤተሰቡም ዝም ብሎ አይቀመጥ። የሆስፒታሉን ወረቀት ይያዝ፤ ቁስሉ በየት በኩል እንደገባ የተጻፈበትን። የተቀረጸውን ቪዲዮ ሳይቆርጥ፣ ዋናውን ያስቀምጥ። ያየውን ሰው ስም ሳይረሳ ይጻፍ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ጅማ ላይ ጽሕፈት ቤት አለው፤ አዲስ አበባ ድረስ መንከራተት አያስፈልግም። አቤቱታ በቃልም በጽሑፍም ይቀበላል።