ሐና ማለት ምን ማለት ነው?

ሐናን በየትኛው «ሀ» ነው የምትጽፉት? ስልክ ላይ ስንጽፍ ብዙዎቻችን ቀድሞ የመጣልንን እንነካለን። ሃና፣ ሀና፣ ሐና፤ ሁሉም ያስኬዳል። እኔ ግን ለሐመሩ ሐ እሟገታለሁ። የስሙ ታሪክ ያለው እዚያች ፊደል ላይ ነው።

ሐና የዕብራይስጥ የሴት ስም ነው። ጸጋ፣ ሞገስ ማለት ነው። በዕብራይስጥ የሚጀምረው «ሔት» በምትባል ፊደል ሲሆን፣ በእኛ ፊደል ገበታ የሔት እኅት ሐመሩ ሐ ናት። በአማርኛ ንግግር ልዩነቷ ጠፍቷል። ትግርኛ ተናጋሪ ግን ዛሬም ከጉሮሮው አውጥቶ አሳምሮ ይጠራታል። ስሙ ወደ ግሪክ ሲሻገር ይህች ድምፅ ወደቀችና «አና» ሆነ። የአውሮፓ አናዎች ሁሉ ከዚያ ነው የመጡት። ዮሐንስም ከዚሁ ሥር የበቀለ ስም ነው፤ «እግዚአብሔር ጸጋ አደረገ» ማለት ነው። ሐመሩ ሐ እዚያም አለች።

የስሙ ባለቤት በመጽሐፈ ሳሙኤል ያለችው ሐና ናት። ልጅ አልነበራትም። ጣውንቷ ፍናና ግን ወልዳለች፤ ታስቆጣትም ነበር። ሐና ሴሎ ወደሚገኘው ቤተ እግዚአብሔር ሄዳ አለቀሰች፤ ልጅ እንዲሰጣትም ተስላ ጸለየች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋ አይሰማም። ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስሎት ገሠጻት። ይህ ቦታ ሁሌም ያመኛል፤ የከፋት ሴት ስታለቅስ ሰካራም ተባለች። የአይሁድ መምህራን ግን ታልሙድ በተባለው የሕግና የትምህርት መጽሐፋቸው ውስጥ የጸሎትን ሥርዓት የተማሩት ከእሷ ነው፦ ከልብ መጸለይን፣ ከንፈርን ማንቀሳቀስን፣ ድምፅን ዝቅ ማድረግን። በአዲስ ዓመታቸው በሮሽ ሃሻና የመጀመሪያ ቀን ምኩራብ ውስጥ የሚነበበውም የእሷ ታሪክ ነው።

አይሁድ በስሙ ሦስት ፊደላት ውስጥ ለሴቶች የተሰጡ ሦስት ትእዛዛትንም ያነባሉ፦ ከሊጥ ለእግዚአብሔር ቆርሶ መለየት፣ የወር አበባ የንጽሕና ሥርዓት፣ የሰንበት መብራት ማብራት። በዘመናችን ስሙን ካስከበሩት አንዷ ቡዳፔስት የተወለደችው ገጣሚዋ ሐና ሴኔሽ ናት። በ1944 እ.ኤ.አ. በናዚዎች እጅ ያሉ አይሁዶችን ለማዳን በፓራሹት ዩጎዝላቪያ ወረደች። ሃንጋሪ ስትገባ ተይዛ በ23 ዓመቷ ተገደለች።

እኛ ዘንድ ሐና ስንል ቶሎ ትዝ የምትለን የእመቤታችን እናት ናት። ስሟ በወንጌል የለም፤ የመጣልን በጥንታዊ ትውፊት ነው። ግንቦት 1 ልደታ ሲሆን ጎረቤት ደጅ ወጥቶ ንፍሮ የሚቀቅለው፣ ቡና የሚያፈላው፣ እሷ ማርያምን የወለደችበትን ቀን ለማሰብ ነው። የእኛ ሐናም መካን ነበረች። እንደ ሴሎዋ ሐና ተስላ ነው የወለደችው። ስለቷንም እንደዚያችው አደረሰች፤ ያቺ ሳሙኤልን ጡት ሲተው ለሴሎ ሰጠች፣ ይህቺ ማርያምን በ3 ዓመቷ ቤተ መቅደስ አስገባች። ታኅሣሥ 3 የምናከብረው በዓታ ይኸው ነው።