በጣና ዳር በጠብታ መስኖ ለሚለማ ለውዝ የማዳበሪያ አሰጣጥ ጊዜ

ለውዝ፣ በሌላ ስሙ ኦቾሎኒ፣ በኢትዮጵያ በይበልጥ የሚታወቀው በምሥራቅ ሐረርጌ ቆላዎች፣ በባቢሌና በፈዲስ፣ እንዲሁም በቤንሻንጉል ጉሙዝ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው የባሕር ዳር ዙሪያ ወይና ደጋ ለዚህ ሙቀት ወዳድ ሰብል በመጠኑ ቀዝቀዝ ይላል። ያም ሆኖ በሐይቁ ዳርቻ በሞተር ውኃ እየሳበ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ጫት የሚያለማ ገበሬ፣ የጠብታ መስኖ እስካለው ድረስ፣ ለውዝን በበጋ ማሳው ላይ ሊያፈራርቀው ይችላል። የሽንኩርቱ ልማድ ግን ለለውዝ አይሠራም። ሽንኩርት ማዳበሪያውን ከፋፍሎ ደጋግሞ መስጠት ይስማማዋል፤ ለውዝ ግን አብዛኛውን ናይትሮጅን በሥሩ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሚያገኝና ፍሬውን ከመሬት በታች የሚይዝ ሰብል በመሆኑ፣ ከማዳበሪያው ብዛት ይልቅ መቼና በየትኛው የአፈር ክፍል እንደሚደርሰው ነው ውጤቱን የሚለየው።

የዘር ጊዜውን የሚያጠብቡት ከአንድ ወገን ብርዱ፣ ከሌላው ወገን ክረምቱ ናቸው። ዘሩ በደንብ እንዲበቅል የአፈሩ ሙቀት ከ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መሆን ይኖርበታል፤ የታኅሣሥና የጥር መጀመሪያ ሌሊቶች ደግሞ ቀዝቃዛ ናቸው። ጥር 20 ገደማ የተዘራ፣ በ130 ቀን የሚደርስ ዝርያ ግንቦት መጨረሻ ላይ ለመነቀል ይበቃል፤ ሰኔ ከገባ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ሳምንት ግን ምርቱን ለዝናብ፣ ለሻጋታና ሻጋታው ለሚያመነጨው አፍላቶክሲን ለተባለ መርዝ ያጋልጠዋል። ስለዚህ ቅጠሉን እያለመለመ መድረሻውን የሚያዘገይ፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ የተሰጠ ዩሪያ በዚህ አካባቢ ጉዳቱ እጥፍ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ከዘር ወቅት ብዙ ቀደም ብሎ ይጀምራል። በምዕራብ ጎጃም በሰፊው የሚገኘው ቀይ አፈር አሲዳማነት የሚያጠቃው ስለሆነ፣ ለውዝ ወደሚስማማው ከ5.8 እስከ 6.5 ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ) እንዲጠጋ ኖራው የክረምቱ ሰብል እንደተነሣ፣ አፈሩ ገና እርጥበት ሳለው ቢቀላቀል ይመረጣል። ፎስፈረስ በአፈር ውስጥ እምብዛም ስለማይንቀሳቀስ በዘር ጊዜ ከዘሩ ጎንና ዝቅ ብሎ በመሥመር ይቀበራል። ኤን ፒ ኤስ የተባለው ማዳበሪያ በ100 ኪሎ ውስጥ 19 ኪሎ ናይትሮጅን፣ 38 ኪሎ ፎስፌትና 7 ኪሎ ሰልፈር ይዟል፤ ለሩብ ሄክታር 25 ኪሎ፣ ማለትም የአንድ ባለ 50 ኪሎ ጆንያ ግማሽ፣ ቡቃያው ሥር እስኪሰድና ራሱን እስኪችል ድረስ የሚፈልገውን መነሻ ናይትሮጅን ጭምር ይሰጣል። ይህን ማዳበሪያ በጥብጦ በጠብታ መስመር ለመስጠት መሞከር አይበጅም፤ እንክብሉ ሙሉ በሙሉ ስለማይሟሟ ዝቃጩ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል።

ከዘር በኋላ ባለው አንድ ወር ማዳበሪያ ከመጨመር ይልቅ ሥሩን ማየት ይሻላል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ሳምንት ጥቂት ተክሎች ከነአፈራቸው በዶማ ተነሥተው በውኃ ሲታጠቡ፣ በሥሩ ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ ከደቀቁት አንሥቶ ከዚያ ተለቅ እስከሚሉት የሚደርሱ እብጠቶች ይታያሉ። አንዱ በጥፍር ሲሰነጠቅ ውስጡ ቀላ ካለ ባክቴሪያው ሥራ ላይ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን ናይትሮጅን እያዘጋጀ አይደለም። ለውዝ ተዘርቶበት በማያውቅ ማሳ ዘሩን ባክቴሪያውን በያዘ ሕያው ማዳበሪያ ማሸት የሚመከረውም ለዚሁ ነው። እብጠቱ ጠፍቶ ቅጠሉም ከገረጣ፣ የጠብታ መስኖ ጥቅም እዚህ ላይ ይወጣል፤ ጥቂት ዩሪያ ተበጥብጦ አበባው ከመበርከቱ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይሰጣል። ዩሪያ በባልዲ ሲበጠበጥ ውኃውን እጅ እስኪሰማው ያቀዘቅዘዋል፤ እንክብሉ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ መታገሥ ያስፈልጋል። በመስኖው ሰዓት መጀመሪያ ንጹሕ ውኃ ይለቀቃል፣ ማዳበሪያው በመካከል ይገባል፣ በመጨረሻም መስመሩ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል።

ዋናው ቀጠሮ አበባ ነው። ከዘር በኋላ ከ35 እስከ 45 ቀን ባለው ጊዜ፣ በጥር መጨረሻ ለተዘራው በመጋቢት የመጀመሪያ አጋማሽ፣ ቢጫው አበባ ይታያል። አበባው ከደረቀ በኋላ መርፌ የሚመስል ቀጭን ዘንግ ወደ ታች ወርዶ አፈር ውስጥ ይገባና ጫፉ ፍሬ ይሆናል። እያደገ ያለው ፍሬ ካልሲየሙን ከዋናው ሥር አያገኝም፤ በዙሪያው ካለው፣ ከላይኛው 5 እስከ 10 ሴንቲሜትር አፈር በራሱ ቆዳ ይመጠዋል። በቅጠል ላይ የተረጨ ካልሲየምም ወደ ፍሬው አይወርድም። ስለዚህ ግንበኞች ጀሶ የሚሉት ማዕድን፣ ተፈጭቶ ግን ሳይቃጠል፣ አበባው እንደጀመረ በተክሉ ግራና ቀኝ ይነሰነሳል። የጀሶ ድንጋይ በአባይ ሸለቆ ውስጥ በብዛት ይገኛል።

ጠብታ መስኖ የሚፈተነውም እዚሁ ላይ ነው። ጀሶ ቀስ ብሎ የሚሟሟ በመሆኑ ከደረቅ አፈር ላይ የተነሰነሰው እንደ ዱቄት ተቀምጦ ይቀራል፤ የጠብታው ቱቦ ደግሞ የሚያርሰው አንድ ጠባብ መስመር ብቻ ነው። ቱቦው ከተክሉ ርቆ ከተዘረጋ ወይም በጥልቀት ከተቀበረ ሥሩ ጠጥቶ ቅጠሉ ሲያምር ፍሬው በደረቅ አፈር ይራባል፤ ሲነቀልም ቅርፊቱ ባዶ ሆኖ ይገኛል። በእኔ ግምት በጠብታ መስኖ ካልሲየም የሚጎድለው ጀሶው ሳይኖር ቀርቶ ሳይሆን ውኃው ሳይደርሰው ቀርቶ የሚሆንበት ጊዜ ይበዛል። ቱቦውን ወደ ተክሉ ማስጠጋትና ከአበባ እስከ ፍሬ መሙላት የላይኛው አፈር እንዳይደርቅ ማድረግ ከተጨማሪ ጆንያ ይሻላል። ፖታሽ (ፖታሲየም የያዘ ማዳበሪያ) የሚያስፈልገው ማሳም ከዘር በፊት በጥልቀት ያገኘዋል፤ በፍሬው ዙሪያ ሲበዛ ካልሲየሙን ይሻማዋልና። ቦሮን የተባለው ንጥረ ነገር በአበባ መጀመሪያ እጅግ በጥቂቱ ይበቃል፤ ሲጎድል የፍሬው መሐል ይቦረቡራል፣ ሲበዛ ይመርዛል።

በአንድ በርሜል ካልሲየምና ፎስፌት ያላቸውን ማዳበሪያዎች መቀላቀል ነጭ ዝቃጭ ይፈጥራል። የሐይቁም ውኃ ደለል፣ አልጌና በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ የታየውን የእምቦጭ አረም ቁርጥራጭ ስለሚያመጣ ማጣሪያው ሳይታጠብ ማዳበሪያ ማስገባት ባዶ ድካም ነው። ከመጠን ያለፈው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ደግሞ ታጥቦ ወደ ጣና ሲገባ ያንኑ እምቦጭ ይመግባል።

አበባው ከበረከተ በኋላ ናይትሮጅን አይሰጥም። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ውኃውን መጠበቅና፣ ግንቦት ሲጋመስ ጥቂት ቅርፊት እየሰበሩ የውስጡን ግድግዳ ማየት ነው፤ ከነጭነት ወደ ጥቁር ቡናማ የዞረው ሲበዛ ውኃው ይቀነሳል፣ ለውዙም ዝናቡ ሳይቀድመው ተነቅሎ ሥሩ ወደ ላይ ሆኖ እንዲደርቅ በፀሐይ ይዘረጋል።