«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»፦ ብርሃን ሞለኪውል ሲበጥስ

ይህን ምሳሌያዊ አነጋገር የማያውቅ የለም። እድር ላይ ይባላል፣ ስብሰባ ላይ ይባላል፣ ለታመመ ሰው ገንዘብ ሲዋጣም ይባላል። መነሻው ድር ነው፤ ሸማኔ የሚወጥረው፣ ሸረሪትም የምታደራው ቀጭን ክር። ነጠላውን ሕፃን ልጅ ይበጥሰዋል፤ ሲያብር ግን አንበሳም አያመልጠው።

ብዙ ሰው ታዲያ «ብዛት ኃይል ነው» ማለት ይመስለዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ተረቱ «ቢበዛ» ሳይሆን «ቢያብር» ነው የሚለው፣ እና ልዩነቱን እንደ ብርሃን ኬሚስትሪ አጥርቶ የሚያሳይ ነገር አላየሁም።

አራት ኪሎ መንገድ ዳር የሚሸጡትን መጻሕፍት ልብ ብላችሁ እዩ። ፀሐይ ሲመታው የከረመ ሽፋን ቀዩ ይጠፋና ሰማያዊው ብቻ ይቀራል፤ ሌላ መጽሐፍ የተደረበበት ጥግ ግን አሁንም ደማቅ ነው። ብርሃኑ የቀለሙን ሞለኪውሎች ሰባብሯቸዋል። ከተማችን ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አልትራቫዮሌቱ ይበረታል።

ብርሃን ጉልበቱን የሚሰጠው ፎቶን በሚባሉ ቁራጮች ነው። አንስታይን ይህን ሐሳብ ያቀረበው በ1905 እ.ኤ.አ. ነው። ሞገዱ ሲያጥር የእያንዳንዱ ፎቶን ጉልበት ይጨምራል። የኦክስጅንን ሞለኪውል በአንድ ፎቶን ለሁለት ለመክፈል ሞገዱ ከ242 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው) ያልረዘመ ብርሃን ያስፈልጋል። 700 ናኖሜትር የሆነ ቀይ አምፖል ዓመት ሙሉ ብታበሩበት ንቅንቅ አይልም። ፎቶኖቹ ስፍር ቁጥር የላቸውም፤ ግን አንዱም ለብቻው አይበቃም፣ እርስ በርስም አይጠባበቁም።

ታዲያ ደካማ ፎቶን ተስፋ የለውም? አለው እንጂ! በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ የሚባለውን ጋዝ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር መቱት። የዚህ ሌዘር ሞገድ ወደ 10 ማይክሮሜትር፣ ማለትም 10,000 ናኖሜትር ይደርሳል፤ ፎቶኑ ከቀዩም ፎቶን ከአስር እጥፍ በላይ ደካማ ነው። ጋዙ ደግሞ በቀላሉ የማይነካ ጠንካራ ነው፣ አንዷን የሰልፈርና የፍሎሪን ቦንድ (አተሞቹን የሚያያይዘውን ትስስር) ለመበጠስ እንኳ 30 ያህል ፎቶን ይፈልጋል። ሌዘሩ ግን ፎቶኖቹን በአጭር ቅጽበት አጭቆ ስለሚልካቸው፣ ሞለኪውሉ የመጀመሪያውን ጉልበት ሳያባክን ሁለተኛው ይደርሳል፣ ሦስተኛው ይጨመራል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይንቀጠቀጥና በመጨረሻ አንድ ፍሎሪን ተገንጥሎ ይወጣል። ማበር ማለት ይሄ ነው፤ አንድ ቦታ፣ በአንድ ጊዜ።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ደግሞ ምርጫው ነው። የሌዘሩን ሞገድ በማስተካከል ሰልፈር-32 የያዘውን ሞለኪውል በጥሶ፣ ሰልፈር-34 የያዘውን በአብዛኛው ሳይነኩ መተው ተችሏል። ሁለቱ በኬሚካዊ ጠባያቸው አይለዩም ማለት ይቻላል፤ የሚለያቸው በሰልፈሩ አተም ውስጥ ያለው የኒውትሮን ቁጥር ነው፤ እንዲህ ያሉ የአንድ ንጥረ ነገር ዓይነቶች አይሶቶፕ ይባላሉ። አይሶቶፖችን በብርሃን የመለየት ሥራ የተስፋፋውም በዚህ ዓይነት ሙከራ ነው።