ማውጫ፣ ርዕስና የገጽ ቁጥር፦ ጽሑፍን ለፈላጊ ማመቻቸት

ጽሑፍን ማደራጀት ማለት አንባቢ የሚፈልገውን ቶሎ አግኝቶ እንዲጠቀምበት ጽሑፉን መከፋፈል፣ ቅደም ተከተል ማስያዝና ምልክት ማድረግ ነው። ዋና መሣሪያዎቹ ማውጫ፣ ንዑስ ርዕስ፣ የገጽ ቁጥርና የፊደል ተራ ናቸው። ሥራው ሲሳካ አይታይም፤ ስለዚህ አመስጋኝም የለው።

የጥንት መጽሐፍ ጥቅልል ነበር፤ እሱ ላይ አንድ ነገር መፈለግ ጣጣ ነበር። ሮማዊው ፕሊኒ በ1ኛው ክፍለ ዘመን 37 መጻሕፍት ያሉትን የተፈጥሮ ታሪኩን ሲያዘጋጅ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ለማውጫ ሰጠው። ሥራ የበዛበት ሰው ሁሉን እንዲያነብ አልጠበቀም። በገጽ የሚገለጥ መጽሐፍ ሲመጣ ነገሩ ቀለለ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የቂሳርያው አውሳብዮስ አንድ ታሪክ በአራቱ ወንጌላት የት የት እንደሚገኝ በ10 ሠንጠረዦች አሳየ። ሠንጠረዦቹ በአባ ገሪማ ወንጌላት ላይ በሥዕል አጊጠው ዛሬም ይታያሉ። የካርቦን ምርመራ እነዚህን ብራናዎች ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ያስቀምጣቸዋል። ይህን ያህል ዘመን የተሻገረ ማውጫ ብዙ የለም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ13ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ነው። ምክንያቱ ጥድፊያ ነበር፤ ሰባኪዎች ለነገ ስብከት ጥቅስ ዛሬ ማታ ማግኘት ነበረባቸው። የመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፎች የአሁኑን አከፋፈል ያገኙት በእንግሊዛዊው የሃይማኖት ሊቅ በስቲቨን ላንግተን እንደሆነ ይነገራል። በፓሪስ ደግሞ በመነኩሴው በሂዩ ዘ ሴን ሼር መሪነት የዶሚኒካን (የካቶሊክ ሰባኪ ማኅበር) መነኮሳት የመጽሐፍ ቅዱስን ቃላት በፊደል ተራ ደረደሩ። የቁጥር አከፋፈል ገና ስላልነበረ ምዕራፉን በሐሳብ ሰባት ቦታ ከፍለው በሰባት ፊደላት ጠሩት። ጉድለት ግን ነበረው። «ውሃ» የሚለውን የፈለገ ሰው የሚያገኘው የመጽሐፍ ስም፣ የምዕራፍ ቁጥርና ፊደል ብቻ ነው። የትኛው እንደሚጠቅመው ለማወቅ አንድ በአንድ መግለጥ ነው። ኋላ የተሠሩት ከጥቅሱ ቆንጠር እያደረጉ ጨመሩበት።

የታተመ የገጽ ቁጥር በ1470 እ.ኤ.አ. በጀርመን ኮሎኝ ከተማ ውስጥ ታየ።

የፊደል ተራን ማወቅ ዛሬ ቀላል ይመስላል። በ1604 እ.ኤ.አ. የወጣው የሮበርት ካውድሬ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ግን በመግቢያው ላይ የፊደሉን ተራ በቃላችሁ አጥኑ እያለ ይመክር ነበር። በአማርኛ ሌላ ችግር አለ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ድምፃቸው አንድ ነው፣ ተራቸው ግን ይለያያል። «ፀሐይ»ን በጸ የሚፈልግ አንባቢ ቃሉ የለም ብሎ መጽሐፉን ይከድናል።

ስክሪን ላይ አንባቢ በቅድሚያ ርዕሶቹን በዓይኑ ይቃኛል። «አጠቃላይ መረጃ» የሚል ርዕስ ምንም አይነግረውም፤ «ገንዘቡ የሚመለሰው መቼ ነው?» የሚል ግን ቀጥ አድርጎ ያደርሰዋል። መመሪያ ላይም ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። «ክዳኑን ክፈቱ፤ ከዚያ በፊት ግን ገመዱን ንቀሉ» ተብሎ ሲጻፍ አንባቢው ክዳኑን ከፍቶ ጨርሷል።

የመፈለጊያ ሳጥን መጥቶ ማውጫ አያስፈልግም የሚሉ አሉ። ሳጥኑ ግን ካልተነገረው በስተቀር ጸ እና ፀን አያዛምድም። ጥሩ ማውጫ አዘጋጅ ይህንኑ «ጸሐይ፦ ፀሐይን ተመልከት» ብሎ በአንድ መስመር ይገላገለዋል።